ዋዮሚንግ ውስጥ የተሳሳተ ቦታ ስለቆመው ታሪካዊ ሰሌዳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አባቴ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጥተው ነበር። ከዴንቨር ወደ የሎስቶን ስንሄድ አንድ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ጋ ቆምን። አምስት ደቂቃ ብለን ወርደን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ፎቶውን ለጓደኞቼ ከላክሁ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ሰሌዳ ነው? የትስ ነው ያለው?

ከላንደር ወደ ፋርሰን በሚወስደው 28 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር ነው፤ ፋርሰን ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር። አካባቢው ዛፍ የሚባል የለውም። እስከ አድማስ ድረስ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ፕሮንግሆርን የሚሏት ሚዳቋ መሳይ እንስሳ ቆማ ታይሃለች። ነፋሱ ኮፍያ አያስቀምጥም።

የቦታው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «መንታ መንገድ» ነው። የአካባቢውን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ግን «ሐሰተኛው መንታ መንገድ» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን አስረዳን። የምን መንገድ ነው?

የኦሪገን መንገድ ይባላል። ከሚዙሪ ግዛት፣ በተለይ ኢንዲፔንደንስ ከምትባል ከተማ ተነስቶ እስከ ኦሪገን ይደርሳል፤ ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው፣ ሸራ የለበሰ ጋሪ ገዝተው፣ በሬ ጠምደው ወደ ምዕራብ ሄዱበት። ግማሹ መሬት ፍለጋ ነው። በ1848 ካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሰው እንደ ጎርፍ ነው የሄደው። ወደ ዩታ የተሰደዱት ሞርሞን የተባለው እምነት ተከታዮችም ከ1847 ጀምሮ በዚሁ አለፉ። በአጠቃላይ በእነዚህ መንገዶች ከ300 ሺህ በላይ ሰው እንደተጓዘ ይገመታል።

በቀን 24 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ጥሩ ቀን ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ጋሪው የሰው መቀመጫ እንዳይመስልህ፤ ዱቄትና ዕቃ ነው የሚጫንበት። ሰዉ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ነው የጨረሰው፤ እናቶችም፣ ልጆችም። በ1869 የባቡር ሐዲዱ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያገናኝ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ሰሌዳው ተሳስቷል ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ቆመህ ወደ ምዕራብ ስታይ መሬቱ ላይ የጋሪ መንገድ ለሁለት ሲከፈል በዓይንህ ታያለህ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ማንም ሰው «ይኸው፣ መንታው መንገድ ይህ ነው» ይላል። ቀደም ብለው ቦታውን ምልክት ያደረጉበት ሰዎችም ያሉት ይህንኑ ነው።

ችግሩ፣ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ የስደተኞቹ አይደለም። ከሳውዝ ፓስ የወርቅ መንደር ወደ ግሪን ሪቨር የባቡር ጣቢያ ሰውና ደብዳቤ የሚያመላልሱ ሠረገላዎች ኋላ ላይ የጠረጉት ነው። ባቡሩ ግሪን ሪቨር የደረሰው በ1868 ነው፤ የኦሪገን ስደት ደግሞ ከዚያ 25 ዓመት በፊት ተጀምሯል። እውነተኛው መለያያ ከዚህ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው።

አባቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «እኛ አገር አስፋልት ሲሠራ ገበያው ወደ አስፋልቱ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ ታሪኩ መጣ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ሁለት መንገድ ሲታይ ማን ብሎ 15 ኪሎ ሜትር በቁጥቋጦ ውስጥ ይሄዳል?

ታዲያ ለምን አይነቅሉትም?

አልነቀሉትም፤ እርማት ጨመሩበት። አሁን እዚያው ያለው ጽሑፍ በ1844 ያለፉት ጋሪዎች «ይህን ቦታ አልፈው ዘጠኝ ተኩል ማይል ያህል ቀጠሉ» እያለ ትክክለኛው ቦታ የት እንደሆነ ይነግርሃል። ስህተቱም እርማቱም ጎን ለጎን ቆመዋል። በኔ አስተያየት እንዲያውም ከትክክለኛው የበለጠ የሚያስተምረው ይሄኛው ነው። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለናልና።

እውነተኛው መንታ መንገድ ላይ ምን ነበር የሚወሰነው?

ሁለት ምርጫ ነበር። የግራው ዋናው መንገድ ነው። ፎርት ብሪጀር ወደሚባል የንግድ ጣቢያ ወርዶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። ረጅም ነው፤ ግን ውኃና ሣር አለው። የቀኙ አቋራጭ ነው፤ ቀናት ይቆጥባል፤ ግን ከቢግ ሳንዲ ወንዝ እስከ ግሪን ሪቨር ወንዝ ድረስ 70፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ጠብታ ውኃ የለም።

አቋራጩን መጀመሪያ በጋሪ የሄዱበት በ1844 ወደ ካሊፎርኒያ የሚጓዙ ሰዎች ናቸው። መሪዎቻቸው መካከል ኬሌብ ግሪንውድ የሚባል የ81 ዓመት ሽማግሌ ነበር ይባላል። ስለዚህ መንገዱ መጀመሪያ የግሪንውድ አቋራጭ ነበር የሚባለው። በ1849 የወጣ አንድ የመንገደኞች መምሪያ መጽሐፍ ግን በስህተት «የሰብሌት አቋራጭ» ብሎ ጻፈው፤ ሰዉም መጽሐፉን ይዞ ስለሚሄድ ስሙ እንደዚያው ቀረ። ይኸው መጽሐፍ በረሃው 35 ማይል (56 ኪሎ ሜትር) ብቻ ነው ብሎ ነበር። ለ35 ማይል የሚበቃ ውኃ ቀድተው ገብተው፣ 35 አልቆ፣ 40 አልቆ፣ ወንዙ የለም። ደራሲውን ስንት ሰው እንደረገመው አስበው።

ብልሆቹ ቢግ ሳንዲ ዳር ከብቶቻቸውን አሳርፈው፣ ያገኙትን በርሜል ሁሉ ሞልተው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሱና ሌሊቱን ሲሄዱ ያድራሉ። የተጠሙ በሬዎች ውኃ ከሩቅ ሲሸታቸው መያዣ አልነበራቸውም፤ ጋሪውን ይዘው ቁልቁል ነው የሚሮጡት።

ሌላው ነገር መለያየቱ ነው። ወራት አብረው የተጓዙ፣ ልጅ አብረው የቀበሩ ሰዎች ናቸው። እዚህ ሲደርሱ አንዱ «ከብቶቼ አይችሉም» ብሎ ወደ ግራ፣ አንዱ «ክረምቱ ሳይቀድመኝ» ብሎ ወደ ቀኝ። ስልክ የለ፣ አድራሻ የለ።

ዶነሮች የተባሉት መንገደኞችም እዚያ ነው የተለያዩት?

እዚያው ሳይሆን ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ሊትል ሳንዲ የምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር ነው። ሐምሌ 1846 ነበር። አብሯቸው የመጣው ሰው አብዛኛው በታወቀው የግሪንውድ አቋራጭ ወደ ቀኝ ሄደ። የዶነር ቤተሰብና ጥቂት ጋሪዎች ደግሞ ማንም በጋሪ ያልሞከረውን አዲስ አቋራጭ ሰምተው ወደ ግራ ታጠፉ። የጆርጅ ዶነር ሚስት ታምሰን በዚያ ቀን ደስ እንዳላላትና እንደከፋት አብሯቸው የነበረ አንድ መንገደኛ ጽፏል። በመጨረሻ 87 ያህል ሆነው ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ በረዶ ያዛቸው። ግማሽ ያህሉ አለቁ። ከተረፉትም አንዳንዶቹ የሞቱትን ሰዎች ሥጋ በልተው ነው የተረፉት።

በመንገዱ ዳር ያሉትን የመታሰቢያ ድንጋዮች ማን ነው ያቆማቸው? መንግሥት?

አንዳንዱን መንግሥት፣ አንዳንዱን ማኅበራት። ዋናውን ሥራ የጀመረው ግን ኤዝራ ሚከር የሚባል ሽማግሌ ነው፤ እኔ የምወደው ታሪክ የሱን ነው።

ሚከር በ1852፣ በ21 ዓመቱ፣ ከሚስቱና ከተወለደ ሁለት ወር ገና ካልሞላው ልጁ ጋር በበሬ ጋሪ ወደ ኦሪገን ተነሣ። ኋላ ላይ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሆፕስ ዘርቶ ሀብታም ሆነ። ሆፕስ ማለት የኛ ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሥራ ለቢራ የሚሠራ ተክል ነው። ከዚያ ተባይ መጣና ሀብቱን ሁሉ በላው።

ሌላው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁጭ ይላል። ሚከር ግን በ1906፣ በ75 ዓመቱ፣ እንደገና ጋሪ ሠራ፣ ትዊስትና ዴቭ የተባሉ ሁለት በሬዎች ጠመደ፣ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ተነሣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንገዱ እየታረሰ ነው፣ አጥር እየታጠረበት ነው፣ የሚያስታውሱትም እየሞቱ ነው። በየከተማው እየቆመ ንግግር ያደርጋል፣ ሰው ገንዘብ ያዋጣል፣ ድንጋይ ይቆማል። ትዊስት ነብራስካ ላይ ሞተበት። ሌላ በሬ ፈልጎ ቀጠለ። በ1907 መጨረሻ ዋሽንግተን ዲሲ ደርሶ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን አገኘ፤ ፕሬዚዳንቱም ወጥተው በሬዎቹን አዩለት።

ይሄም አልበቃውም። ኋላ በመኪና ተመላለሰበት፤ በ1924 ደግሞ በ93 ዓመቱ በወታደር አውሮፕላን ላዩን በረረበት። አምስት ወር የፈጀበትን አገር በቀናት አለፈ። በ1928 ሲሞት 98 ሊሞላው አንድ ወር ይቀረው ነበር። ዴቭ ቆዳው ተሞልቶ ታኮማ ሙዚየም ውስጥ ዛሬም ቆሟል።

የሚከር ድንጋይ በአቅራቢያው አለ?

አለ። ሳውዝ ፓስ ላይ ነው፤ ከሰሌዳው ብዙ አይርቅም፤ ግን የአፈር መንገድ ነው። ሳውዝ ፓስ ጋሪዎቹ የሮኪ ተራራን የተሻገሩበት በር ነው። «በር» ስልህ ጠባብ ገደል እንዳታስብ። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ብዙ ስደተኞች የአሜሪካን ወንዞች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚከፍለውን መስመር ያለፉት ሳያውቁት ነው። ከፍታው 2,260 ሜትር ገደማ ነው። አባቴ «ከአዲስ አበባ ያነሰ! ይሄ ነው ተራራው?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ድንጋዩ ላይ ሚከር ያስቀረጸው «የድሮው የኦሪገን መንገድ 1843-57» የሚል ነው። አባቴ ፊደሎቹን በጣታቸው ተከተሏቸው። አራቱ ቁጥር አካባቢ ድንጋዩ ሻካራ ነው፤ መሮው ያንሸራተተ ይመስላል። እዚህም ላይ ጥያቄ አለኝ፤ ጉዞው በ57 አልቆመም፤ ከዚያም በኋላ ሰው በጋሪ አልፏል። ድንጋዩ ግን 57 ብሎ ቁጭ ብሏል።

አጠገቡ ያለው ሌላ ድንጋይስ?

በ1916 የቆመ ነው። ናርሲሳ ዊትማንና ኢላይዛ ስፖልዲንግ የተባሉ ሁለት የሚሲዮናውያን ሚስቶች በ1836 ሐምሌ 4 ቀን እዚህ እንዳለፉ ይናገራል፤ «ይህን በር የተሻገሩ የመጀመሪያዎቹ ነጭ ሴቶች» ይላል።

«ነጭ» የምትለዋን ቃል ልብ በል። ሾሾኒ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በዚህ ሜዳ ሲመላለሱ የኖሩት ማንም ድንጋይ ሳያቆምላቸው ነው። በ1812 ከኦሪገን ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ሲመለስ በዚህ ያለፈው ሮበርት ስቱዋርት የተባለ ነጋዴ እንኳ አጭር መንገድ መኖሩን የሰማው ከአንድ ሾሾኒ ነው። ሰሌዳ ስታነብ ማን እንዳቆመውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንዳቆመው ከታች ፈልግ። ግማሹ ታሪክ ያለው እዚያች ትንሿ መስመር ላይ ነው።

ፊልም ላይ እንደሚታየው ቀይ ሕንዶች ጋሪዎቹን እየከበቡ ነበር የሚፈጇቸው?

ፊልሙ በጣም አጋኖታል። በአንድ የታሪክ ምሁር ጥናት መሠረት፣ ከ1840 እስከ 1860 ባሉት ሃያ ዓመታት በነባር ሕዝቦች እጅ የሞቱት ስደተኞች 362፣ በስደተኞች የተገደሉት ነባር ሰዎች ደግሞ 426 ናቸው። መቶ ሺዎች ባለፉበት መንገድ ማለት ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ግንኙነት ንግድ ነበር፤ ፈረስ፣ ሥጋ፣ ወንዝ ማሻገር።

ሰዉን የፈጀው ኮሌራ ነው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ይቀበራል። ከዚያ ወንዝ፣ ከዚያ ደግሞ ራሳቸው ባለማወቅ የሚተኩሱት ጠመንጃ። በሽታው ወደ ነባሮቹ ሕዝቦችም ተዛመተ፤ ሣሩንም የስደተኛው ከብት ጨረሰው። ለእነሱ ይህ መንገድ ምን እንደነበር የሚናገር ሰሌዳ በዚያ ጉዞ እምብዛም አላየሁም።

ምን ይበሉ ነበር? ዛፍ በሌለበት በምንስ ያበስሉ ነበር?

ይሄንን የጠየቀችኝ አክስቴ ናት፤ መልሱንም የምትወደው ይመስለኛል። በኩበት! ሜዳው ላይ የጎሽ መንጋ ጥሎት የሄደ የደረቀ ኩበት ሞልቷል። ሴቶቹ መጀመሪያ በሁለት ጣት ነበር የሚያነሱት፤ ከሳምንት በኋላ በሽርጣቸው ሞልተው ይለቅማሉ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎቹን የወደዷቸው መሰለኝ።

ስንቁን በተመለከተ፣ መምሪያዎቹ ለአንድ አዋቂ ሰው 90 ኪሎ ዱቄት፣ 70 ኪሎ ገደማ ጨው የተነሰነሰበት የአሳማ ሥጋ፣ አራት ኪሎ ተኩል ቡና ያዝ ይላሉ። ቡናው ጥሬ ነው። መንገድ ላይ በመጥበሻ እየቆሉ፣ እየፈጩ ነበር የሚያፈሉት። በኩበት እሳት ቡና እየተቆላ፤ እጣን ብቻ ነው የጎደላቸው።

የጋሪው ፈለግ እውነት እስካሁን ይታያል?

ይታያል። እዚህ አካባቢ እንደ ጎድጓዳ ቦይ ሆኖ ነው፤ ሣሩ ትንሽ ቀለሙ ይለያል። ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው ያወጣዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ከሄድክ «የቱ ጋ?» ትላለህ። በጣም የሚገርመው ግን ዋዮሚንግ ምሥራቅ ጫፍ ገርንዚ አጠገብ ያለው ነው። እዚያ መሬቱ ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ ጋሪው አለቱን እስከ አንድ ሜትር ተኩል ቆርጦታል።

መኪናህን ፈለጉ ላይ አትንዳ። አሮጌ ምስማር፣ የበሬ ጫማ ብረት ምናምን ካየህ ፎቶ አንሳና እዚያው ተወው፤ ከመንግሥት መሬት ላይ እንዲህ ያለ ቅርስ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል። አንዳንዱ ቦታ የግል መሬት ስለሆነ አጥር ካየህ ተመለስ።

ትራክ ነው የምነዳው። ይዤው መቆም እችላለሁ?

ኢንተርስቴት 80 ላይ ስትመላለስ ሮክ ስፕሪንግስን ታውቀዋለህ፤ ፋርሰን ከዚያ ወደ ሰሜን ነው። አውራ ጎዳናው ዳር ያለው ሰሌዳ ጋ ማቆሚያ አለ። ወደ ሳውዝ ፓስ ድንጋዮችም ሆነ ወደ እውነተኛው መንታ መንገድ የሚወስዱት የአፈር መንገዶች ላይ ግን ትራክ እንዳታስብ። ትንሽ መኪናም ቢሆን ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው እንደ ሊጥ ይይዛል። ወደ ላንደር የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ፍሬንህን አስብበት።

መቼ ልሂድ? ልጆች አይሰለቻቸውም?

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም። በበረዶው ወራት 28 ቁጥር መንገድ በነፋስና በበረዶ ይዘጋል። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ቀድመህ አውርድ፣ ውኃ ያዝ።

ልጆች ሰሌዳ አያነቡም፣ እውነቱን እንነጋገር። የኔዎቹ ግን አንድ ነገር ያዛቸው። ሐሰተኛው መንታ ላይ አቆምኳቸውና «ውኃ የላችሁም፣ በሬዎቹ ደክመዋል፣ የቱን ትሄዳላችሁ?» አልኳቸው። ትልቁ ቀኙን፣ ትንሿ ግራውን መረጡ፤ ለአሥር ደቂቃም ተለያይተው ሄዱ። ከዚያ ትንሿ «አንተ ሞተሃል!» እያለች ከሩቅ ስትጮህ ይሰማ ነበር። ፋርሰን ስትደርስ መስቀለኛው መንገድ ላይ ካለው አሮጌ የጡብ ሱቅ አይስክሬም ግዛላቸው። አንድ ብለህ ያዘዝከው የሁለት ሰው ነው፤ ለአምስታችን ሦስት በቃን።